ሁለት ቁልፍ ሠሪዎች

እናቴ ቁልፍ ሠሪ ነበረች፤ እኔም ቁልፍ ሠሪ ነኝ።
የእሷ ለካፖርት፣ የእኔ ለበር።
እሷ የሰው ደረት ከብርድ ስትዘጋ፣
እኔ የሰው ቤት ስከፍት ነበር
የኖርነው።

ቶሪኖ፣ ከዶራ ወንዝ ዳር፣ ያ ባለ ጡብ ፋብሪካ
ሠላሳ ዓመት ጠዋት ዋጣት፣ ማታ ተፋት፤
ጥፍሯ ሥር የቀንድ ብናኝ፣
ቅንድቧ ላይ የዛጎል ዱቄት።
ኋላ ፕላስቲክ መጣ፤ ከፕላስቲኩ ኋላ ርካሽ ዕቃ የጫነ መርከብ፤
ባለቤቱ በሩን በሰንሰለት ጠፍሮ ሄደ።
አሥራ ዘጠኝ ክረምት፣ ያለ ውል፣ ያለ ኪራይ፣
ርግብ ገባበት፣ ርግብ ተዋለደ።

በየካቲት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ።
«ኤርሜስ? ቁልፍ ጠፍቶብን ነው።»
«የት?»
«የቁልፍ ፋብሪካው።»
ከአልጋዬ ሳልወርድ ሳቅኩ።

ስድስት ነበሩ፣ በአንድ ባትሪ ብርሃን የተኮለኮሉ፤
ዛይራ፣ አሻንጉሊት በክር የምታናግር፤
ኢድሪስ፣ ቀን የአትክልት ሳጥን የሚሸከም፣
ማታ ግድግዳ በከሰል የሚያናግር፤
ሉድቪኮ፣ ሽቦ አዋቂው፣ ኪራይ አቅቶት ከቤቱ የወጣ፤
የሌሎቹን ስም ያኔ አልያዝኩም።
«ቤቱ የናንተ ነው?» አልኩ።
ዛይራ የሰንሰለቱን ዝገት በጣቷ ዳሰሰች፤
«የርግቦቹ ነው። እኛ እንግዳ ነን።»

ሕጉን አውቃለሁ።
ሕግ ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ ጥርሱ በአንድ ወገን፤
የኔም ዕቃ እንደዚያው ነው።
ለምን እንደገጠምኩላቸው አትጠይቁኝ፤
ምናልባት የእናቴ ወንበር ውስጥ እንዳለ ለማየት ነው።
አርባ ዩሮ አልኳቸው። ኪሳቸውን አራግፈው
ሃያ ሁለት ሰጡኝ፣ በሳንቲም፣
ከወለሉ የለቀሟት አንዲት የቀንድ ቁልፍ መሃሉ ገብታ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ «ማጠፊያውን ዘይት ልቀባ» እያልኩ እሄድ ጀመር።
ማሽኖቹ የነበሩበት አዳራሽ መድረክ ሆነ።
ኢድሪስ አሮጌ የሠራተኛ መዝገብ አግኝቶ
ሴቶቹን በየስማቸው ግድግዳው ላይ ደረደረ፤
እጅ ሰጣቸው፣ ፊታቸውን ባዶ ተወው፤
«የሚያውቃቸው ይሙላ» ብሎ ከሥር አሰፈረ።
ሦስተኛው ረድፍ፦ ኤርሲሊያ።
ከሰሉን ያዝኩ። አፍንጫዋን አበላሸሁት።
እንዲያው ተውኩት።

መላእክት አልነበሩም።
በሳህን እጥበት የተጀመረ ጠብ ስብሰባ ሆኖ ያነጋል፤
ድምፅ ማጉያውን የሰረቀው ከራሳቸው አንዱ ነው፤
ሉድቪኮ ተቀይሞ ሄደ፣ ሽቦውንም ጠቅልሎ፤
ሁለት ሳምንት ትርኢቱ በሻማ ነበር፤
ሕዝቡ ግን ያኔ ነው የበዛው።

ጥቅምት ላይ ከፍርድ ቤት ተደወለ።
«ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሚከፈት በር አለ፤
ክፍያው በደረሰኝ።»
አድራሻውን ሳይጨርስ አወቅኩት።

ዛይራ በመስኮት አየችኝ። አልሰደበችኝም።
ክሩን ሳብ አድርጋ የአሻንጉሊቷን እጅ አነሣች፤
እጅ ነሣችኝ።

የገዛ ሥራዬ ነው፤ አንድ ደቂቃ ይበዛበታል።
አርባ ደቂቃ ተንበረከክኩ።
አስፈጻሚው ሰዓቱን እያየ «ማነው የገጠመው?» አለ።
«ደህና ባለሙያ» አልኩት።
በጓሮ በኩል፣ ከእጅ ወደ እጅ፣
አሻንጉሊቱም መዝገቡም ወደ ወንዙ ሲሻገር ይሰማኝ ነበር።
ግድግዳ ግን አይጠቀለል።
በመጨረሻ ፖሊሶቹ ታከታቸውና በመዶሻ ገቡ።
ደረሰኝ አልቆረጥኩም።

አሁን በሩ በብሎኬት ተደፍኗል፤
ብሎኬት ቁልፍ የለው፣ የኔን ሙያ አይሰማ።
ውስጥ፣ በጨለማው፣ እናቴ አፍንጫዋ ተጣሞ ቆማለች።
ያቺን የቀንድ ቁልፍ ካፖርቴ ላይ ተከልኳት፤
ከሌሎቹ ጋር በቀለም አትገጥምም፤
ነፋሱ ከዶራ ሲመጣ ግን ትይዛለች።